በኖራው ላይ የቀረው እጅ፦ ስለ ታሪካዊ ቦታዎች ጥበቃና ስለ ባለታሪኮች መታሰቢያ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የሃይማኖት አባቶች፣ የተከበራችሁ የአገር ሽማግሌዎችና እናቶች፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ መምህራን፣ ከየትምህርት ቤቱ የቅርስ ክበባትን ወክላችሁ የተገኛችሁ ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤ እንደምን ዋላችሁ? በእናንተ ፊት ቆሜ እንድናገር ስለጋበዛችሁኝ፣ ይህን ከሰዓት በኋላ ከሥራችሁና ከቤታችሁ ቀንሳችሁ ስለ ቅርስ ለመስማት ስለመጣችሁም ከልብ አመሰግናለሁ።

አብዛኞቻችሁ እንደምታውቁት እኔ ለረጅም ዓመታት የታሪክ መምህር ነበርሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ ጥንታዊ ቤቶችንና የአምልኮ ቦታዎችን እየዞሩ በሚለኩ፣ በሚነድፉና በሚመዘግቡ ቡድኖች ውስጥ ሠርቻለሁ። የተሰጠኝ ርዕስ ታሪካዊ ቦታዎችን ስለመጠበቅና የቀድሞ ባለታሪኮችን ስለመዘከር የሚል ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ሁለት ሥራ ይመስላል፤ አንዱ የግንበኛና የመሐንዲስ፣ ሌላው የጸሐፊና የመምህር። እኔ ግን በዕድሜዬ ካየሁት ተነሥቼ የምነግራችሁ ይህ አንድ ሥራ መሆኑን ነው። ቦታው ከፈረሰ ባለታሪኩ ቀስ በቀስ ወደ ተረት ይሄዳል፤ የባለታሪኩ ስም ከጠፋ ደግሞ ቦታው ድንጋይ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ባለቤት የሌለውን ድንጋይ ማንም አንሥቶ ለአጥሩ ያደርገዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ ቅርሳችንን የሚያጠፋብን ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የምንዘክረው ማንን እንደሆነ፣ በመጨረሻም በአጭሩ በእያንዳንዳችን እጅ ምን እንዳለ እናገራለሁ። በመሐል ከራሴ ሕይወት አንዳንድ ነገር ባነሣ ትዕግሥታችሁን እጠይቃለሁ።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ቅርሳችንን ያጠፋው ማን ነው? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ሳቀርብ ዘወትር የማገኘው መልስ «ጠላት ነው» የሚል ነበር። መልሱ ስሕተት አይደለም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ አምባ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ካሳለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከአምባው የሰበሰበውን የብራና መጽሐፍ፣ ዘውድ፣ ጽዋ፣ መስቀልና ታቦት ለማጓጓዝ 15 ዝሆኖችና ወደ 200 የሚጠጉ በቅሎዎች እንዳስፈለጉት ተጽፏል። የሰባት ዓመቱ ልጅ ልዑል ዓለማየሁም አብሮ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ አጽሙ እስከ ዛሬ ድረስ በዊንድዘር ቤተ መንግሥት ግቢ ባለው የቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው ያለው። በፋሺስት ወረራ ዘመንም 24 ሜትር ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት ተቆራርጦ ወደ ሮም ተጓጓዘና እ.ኤ.አ. በ1937 እዚያ ተተከለ። በመሐል አዲስ አበባ፣ በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት የቆመውን የዐፄ ምኒልክን ሐውልትም ያው ወራሪ ነቅሎ ቀብሮት ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ጠላት ሐውልትን የሚነቅለው ለምን ይመስላችኋል? ድንጋዩ ወይም ነሐሱ አስፈልጎት አይደለም። ሐውልቱ ሰውን ስለሚያስታውስ፣ የሚታወስ ሰው ያለው ሕዝብም በቀላሉ እንደማይገዛ ስለሚያውቅ ነው።

ነገር ግን፣ የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ ጠላት ያልደረሰበት ቅርሳችንስ? ማንም ያልተኮሰበት፣ ማንም ያልዘረፈው፣ በገዛ አገራችን በገዛ እጃችን ያለው? እርሱን ምን እያጠፋው ነው? መልሱ ውኃ ነው። ደግሜ እላለሁ፣ ውኃ ነው። ከተሰበረ ቆርቆሮ ሥር የሚንጠባጠብ፣ በደፈነ አሸንዳ ላይ የሚተኛ፣ በግድግዳ ሥር የሚጠራቀም ውኃ። ዝሆን አያስፈልገውም፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይወስዳል።

ላሊበላን እንውሰድ። 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ መሆናቸውን ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ እ.ኤ.አ. በ1978 ከሰፈሩት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች መካከል ናቸው። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን የጠራቢዎቹን አርቆ አሳቢነት ነው። እነዚያ ሰዎች ቤተ መቅደሱን ብቻ አልጠረቡም፤ የክረምቱ ጎርፍ የሚወጣበትን ቦይ ጭምር አብረው ጠርበዋል። ቤተ ክርስቲያንን ወደ ታች ቆፍሮ የሚሠራ ሰው ጉድጓዱ ውኃ እንደሚይዝ ያውቃል፤ ስለዚህ የመውጫውን መንገድ አስቀድሞ አስቦ ነበር። ቦዮቹ ግን ለብዙ መቶ ዓመታት በአፈር ተደፍነው ቆዩ፤ ዳግመኛ የተጠረጉት በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አለቱ ውኃ ሲጠጣ ኖረ፤ ዛሬ በዓይናችን የምናየው ስንጥቅና ልጣጭ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ይሆናሉ ተብለው የተተከሉት መጠለያዎች ለዓመታት እዚያው ቆሙ፤ የአካባቢው ሕዝብም ክብደታቸው ያሰጋናል ሲል ድምፁን አሰማ። አካፋና መጥረጊያ ይበቃው የነበረ ሥራ ሲታለፍ ሲታለፍ ቆይቶ የዓለም መሐንዲሶች የሚጨነቁበት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው። ሊቃውንቱ ስለ ላሊበላ የሚያሳስባቸው ብዙ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝ ግን ያ የተደፈነ ቦይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቤት ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ ከአድዋ ድል በኋላ ባሉት ዓመታት እንደተሠራ የሚነገርለትን የአንድ ባላባት ቤት ለመመዝገብ ሄድን። ከታች በድንጋይና በኖራ የተገነባ፣ ከላይ ባለ እንጨት ሰገነት ቤት ነው። እኔ የበሮችንና የመስኮቶችን መጠን የምለካ፣ በንድፍ ወረቀት ላይ የማሰፍር ነበርሁ። ሥራዬን ጨርሼ ሜትሬን ስጠቀልል፣ በግቢው ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እናት ወደ እኔ መጡና፣

«ልጄ፣ ምን ጻፍህ?» አሉኝ።

የቤቱን ባለቤት ስም፣ ማዕረጉንና የተሠራበትን ዘመን እንደጻፍሁ ነገርኋቸው።

«የሠራውንስ?»

ዝም አልሁ። ምን እላለሁ? በጠየቅናቸው ሰነዶች ሁሉ ውስጥ የሠሪው ስም አልነበረም። እማማ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝና ትልቁን የእንጨት በር ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከበሩ ጀርባ፣ ከመቃኑ አጠገብ፣ በሰው ደረት ቁመት ልክ፣ ኖራው ገና እርጥብ ሳለ የተጫነ የቀኝ እጅ መዳፍ አለ። አምስቱም ጣቶች ይታያሉ። የሌባ ጣቱ ጫፍ ከመጀመሪያው አንጓ በላይ የለም፤ መዶሻ የቆረጠው ይሁን ድንጋይ የጨፈለቀው እንጃ፣ ቦታው ድብልብል ብሎ ቀርቷል። «የአያቴ እጅ ነው» አሉኝ። «ግንቡን ሲጨርስ ጌታው ስሙን እንዳያስጽፍ ከለከለው ይባላል፤ እርሱ ደግሞ እጁን አስቀመጠ። በልጅነቴ እናቴ በዓመት በዓል ታመጣንና መዳፋችንን በመዳፉ ላይ ታስለካን ነበር።» የአያታቸውን ስም ነገሩኝ። ቀና ብዬ ሳያቸው እጃቸውን በኖራው ላይ አድርገው ነበር። እኔም ቀጭን ወረቀት ከግድግዳው ላይ ለጥፌ የእጁን ዳር ዳር በእርሳስ ተከትዬ ነደፍሁት።

እስካሁን የነገርኋችሁ መልካሙን ነው። አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ከሦስት ዓመት በኋላ ቤቱ እንዲታደስ ገንዘብ ተገኘና ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም አባል ነበርሁ። ሁላችንም ቸኩለን ነበር። የመታሰቢያው በዓል ደርሷል፣ እንግዶች ተጠርተዋል፣ ግድግዳው ነጭ ሆኖ መታየት አለበት። የድሮውን ኖራ የሚያቦካ ባለሙያ መፈለግ ጊዜ ይወስዳል ተባለና በሲሚንቶ እንዲለሰን ተወሰነ። እኔ በዚያ ስብሰባ ላይ ነበርሁ፤ እጄን አውጥቼ «ይህ አይሆንም» አላልሁም። በበዓሉ ቀን ቤቱ አማረ፤ ሪባን ተቆረጠ፤ ንግግር ተደረገ። በሩን ስቤ ሳይ እጁ የለም። ከላዩ ላይ ለስላሳ ሲሚንቶ ተለስኗል።

ለምን ይህን እነግራችኋለሁ? በመካከላችሁ በነገው ዕለት በእንዲህ ያለ ኮሚቴ ውስጥ የምትቀመጡ ስላላችሁ ነው። ኖራና ሲሚንቶ አንድ አይደሉም። ኖራ ከግድግዳው እርጥበት ሲቀበል መልሶ ወደ ውጭ ያስወጣዋል፤ ግንቡ ትንሽ ሲንቀሳቀስም አብሮ ይለመጣል። ጎንደር ላይ የፋሲል ግቢን ግንቦች ለመቶዎች ዓመታት ያቆያቸው ይኸው የኖራ ሥራ ነው። ሲሚንቶ ግን ከአሮጌው ድንጋይና ከአሮጌው ኖራ ይልቅ ይጠነክራል፤ ከውስጥ ያለውን ውኃ አፍኖ ይይዘዋል። የታፈነው ውኃ ጨው ይዞ ወደ ድንጋዩ ይመለሳል፤ ጨውም በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ሲደርቅ እያበጠ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈረፍረዋል። በዚያ ቤትም የሆነው ይኸው ነው። ሁለት ክረምት አለፈ፤ በሦስተኛው ልስኑ እንደ ቂጣ ተነሥቶ ወደቀ። ሲወድቅ ከሥሩ ያለውን ኖራ ይዞ ነው የወደቀው። የግንበኛው መዳፍ በመሬት ላይ ዱቄት ሆኖ ቀረ። እማማ በዚያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፤ ምንም ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። ዱቄቱን በመጥረጊያ ሰብስበው በአንድ ወገን አደረጉት እንጂ።

በጠላት የጠፋብንን ስናነሣ ድምፃችን ከፍ ይላል፤ ይገባልም። በእኛ እጅ የጠፋውንስ ማን ያነሣዋል? እድሳት የሚባለው ሁሉ ጥበቃ አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ አሮጌውን ግድግዳ የሚያድነው በየዓመቱ የሚደረግ፣ ማንም የማያጨበጭብለት ጥቃቅን ሥራ ነው፤ ቆርቆሮ መምታት፣ አሸንዳ መጥረግ፣ በግንቡ ላይ የበቀለውን የዋርካ ችግኝ ሥሩ ሳይሰድ መንቀል።

ይህ ታሪክ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ያስገባኛል። የምንዘክረው ማንን ነው? የዚያ ቤት መታሰቢያ ድንጋይ የተጻፈበት ስም የባላባቱ ብቻ ነው። ባላባቱ መታወስ የለበትም አልልም፤ አገር አስተዳድሯል፣ ጦር ዘምቷል። ነገር ግን የድንጋይ ጠራቢው፣ የኖራ አቡኪው፣ የቁም ጸሐፊው፣ የብራና ፋቂው፣ የአስተርጓሚው፣ የአዋላጇ ስም የት አለ? አክሱምን የተከለ እጅ ስም የለውም። በጢያ ከተተከሉት 36 ድንጋዮች በብዙዎቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጿል፤ የቀራጩን ስም ማንም አያውቅም። የጠፋውን መመለስ አንችልም፤ ገና ያልጠፋውን ግን መያዝ እንችላለን።

በዚህ ረገድ ብዙ የምንማረው ከኮንሶ ሕዝብ ነው። ኮንሶዎች የተከበረ ሰው ሲሞት ዋጋ የሚባል የእንጨት ሐውልት ይቀርጹለታል፤ አንድ ሐውልት ብቻውን አይቆምም፤ የሚስቱም፣ ያሸነፋቸው ጠላቶችም ምስል አብሮ ይቆማል። በዚህ አኳኋን የአንድ ሰው ታሪክ ከቤተሰቡና ከገድሉ ጋር በአንድ ቦታ ይነገራል። ይህ ሁሉ የሚቆመው ደግሞ ሃያ አንድ ትውልድ በድንጋይ ሲክበው ከኖረው እርከንና ከግንብ ከታጠሩት መንደሮች መካከል ነው። ቦታና ሰው እዚያ ተነጣጥለው አያውቁም። የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ይህ የመታሰቢያ ሥርዓት ለመጥፋት እንደተቃረበም አብሮ ተነግሯል። ዋጋዎቹ ከየመቃብሩ እየተነቀሉ ለቱሪስት ተሽጠዋል፤ ከሌቦች የተያዙት በከተማው ሙዚየም ተሰብስበዋል። ሙዚየም መግባታቸው ከመጥፋት አድኗቸዋል፤ ይሁን እንጂ ከቦታው የተነቀለ ዋጋ የማን አባት እንደሆነ ማን ይነግረናል? እርከኑን በየዓመቱ የሚጠግን ገበሬ የአባቱን ሐውልት በየቀኑ ያየዋል፤ በመስታወት ሳጥን ፊት የሚቆም ጎብኚ ግን የሚያየው ጥሩ የእንጨት ሥራ ነው።

ሌላም ምሳሌ ልስጥ። ኦነሲሞስ ነሲብ የሚባሉ ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው በባሪያ ፈንጋዮች ተወስደው፣ በምጽዋ ነጻ ወጥተው፣ በስዊድን ተምረው፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው እ.ኤ.አ. በ1899 ሙሉውን አሳተሙ። አብራቸው የሠራች አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ነበረች፤ እርስዋም እንደ እርሳቸው ከባርነት ነጻ የወጣች። የኦሮምኛን ቃላት የሰበሰበች፣ የሕዝቡን እንቆቅልሽ፣ ተረትና ምሳሌ፣ ዘፈን 500 ያህል ከትዝታዋ አውጥታ በወረቀት ያሰፈረች ሴት ናት። ኋላም በነቀምቴ አስተማረች። ለእነዚህ ሰዎች ስንት ሐውልት አለን? ስንቱ ተማሪ የአስቴርን ስም ያውቃል? ጎራዴ የያዘውን እናውቀዋለን፤ ብዕር የያዘችውን ገና አልተዋወቅናትም። እኔ በግሌ በዚህ አዝናለሁ፤ የቤት ሥራው ደግሞ በመጀመሪያ የእኛ የመምህራን ነው።

ስም መስጠት ብቻም አይበቃም። በማስተምርበት ዘመን አንድ ቀን «የካቲት 12 ምንድን ነው?» ብዬ ክፍሉን ጠየቅሁ። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ፈጥኖ ተነሣና «ሆስፒታል ነው፣ መምህር» አለኝ። ሌላው «አደባባይ ነው» ሲል ጨመረ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሆስፒታልም አደባባይም ነው። ቀኑ ራሱ ግን ከስሙ ወድቆ ቀርቷል። በማግስቱ ይዣቸው ወደ ስድስት ኪሎ ሄድሁ። በሐውልቱ ዙሪያ የተቀረጹትን ምስሎች አንድ በአንድ እያሳየሁ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት ከዚያው ፊት ለፊት፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ቤተ መንግሥት መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀናት የአዲስ አበባ ሕዝብ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት እንደተጨፈጨፈ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እንደተገደሉ ነገርኋቸው። ያ «ሆስፒታል ነው» ያለኝ ልጅ ከተቀረጹት ምስሎች በአንዱ ፊት ብቻውን ብዙ ቆመ። ወደ ትምህርት ቤት ስንመለስ በመንገድ ላይ ምንም አልተናገረም። ቦታው እኔ በጠመኔ ልነግረው ያልቻልሁትን ነግሮታል።

ቦታና ሰው እንዲህ በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት ጊዜ አለ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና ላይ በባዶ እግሩ ሮጠ። ውድድሩ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ፣ የተሰረቀው የአክሱም ሐውልት ከቆመበት ስፍራ አጠገብ ሲደርስ ነው ተፎካካሪውን ጥሎ የተፈተለከው። በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ያን ጊዜ ሐውልቱ እንዲመለስ የሚያስገድደው የፓሪስ የሰላም ውል ከተፈረመ 13 ዓመት አልፎት ነበር፤ በውሉ መሠረት መመለስ የነበረበት ግን በ18 ወር ውስጥ ነበር። በመጨረሻ በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መጣ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ዳግመኛ መቆሙ በአክሱም በታላቅ በዓል ተበሠረ። ከውሉ እስከ መመለሱ 58 ዓመት ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሳይሰለቹ የጻፉ፣ የተከራከሩ፣ ፊርማ ያሰባሰቡ፣ ሳያዩት የሞቱም አሉ። እኔ ወደ አክሱም በሄድሁ ቁጥር ሐውልቱን ቀና ብዬ ሳይ የማስበው አበበንም እነርሱንም ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ በእጃችን ወዳለው ነገር ልለፍ፤ በዚህ ላይ አላስረዝምም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከል ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ ጻፉ፤ ያለ እርሱ ሕዝቡ ለትእዛዛቸው እንደማይገዛ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1872 መጽሐፉ ተመለሰ። ለምን ተመለሰ? አንዱ ምክንያት ንጉሡ የሚጠይቁትን በስሙ ስላወቁት ነው። ስሙ ያልተመዘገበ ነገር ቢጠፋ «ጠፋ» ለማለት እንኳ ማስረጃ የለንም። የመዳፉ ነገር ለእኔ ይህን አስተምሮኛል። የአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን ስንት የብራና መጽሐፍ አለው? የትኛው ገጹ ተቀድዷል? የመስጊዳችሁን ግንብ ያሠሩት እነማን ናቸው? በሐረር ጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ መቃብሮች እንዳሉ የምንናገረው ሰው በእግሩ ዞሮ ስለቆጠራቸው ነው። ቁጥሩ ከሰማይ አልወረደም።

ሕግም አለን። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ቅርስን ማደስ እንደማይቻል፣ በግንባታም ሆነ በቁፋሮ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ሕጉን የሚያውቀው ግን ስንቱ ግንበኛ ነው? ስንቱ የኮሚቴ ሰብሳቢ ነው? እኛ በዚያ ቤት ላይ ስንወስን አንዳችንም አላነሣነውም።

«ልማት ሲመጣ ቅርስ መንገድ መልቀቁ የማይቀር ነው» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከተማ ማደጉን አልቃወምም፤ እኔም በአዲሱ መንገድ እሄዳለሁ። ነገር ግን የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መስመሩ ሲባል ተነሥቶ በብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፤ መስመሩ ካለቀ በኋላ በ2008 ዓ.ም. ወደ አደባባዩ ተመለሰ። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን «አይመለስም» ብለን ሰግተን ነበር። ተመለሰ። ባቡሩም ይሄዳል፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ለጠላት አልገዛም ብለው በጥይት የተደበደቡት አባትም ቆመዋል። ስለዚህ የሚጠየቀው «ቅርስ ወይስ ልማት» አይደለም፤ የሚጠየቀው ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ማን ለካ፣ ማን መዘገበ፣ ማን የመመለሻውን ቀን በጽሑፍ አስያዘ የሚለው ነው።

ስለዚህ እማጸናችኋለሁ። ከየክበቡ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ወደየቤታችሁ ስትመለሱ በአካባቢያችሁ ካለው አሮጌ ግንብ፣ ድልድይ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አንዱን ምረጡ። ዕድሜ የጠገቡትን ሰዎች «ማን አሠራው» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «ማን ሠራው» ብላችሁም ጠይቁ። ስሙን ከነአባቱ ጻፉ፤ የነገራችሁን ሰው ስምና ቀኑንም ጻፉ። አባቶቼ፣ ከግንቦት በፊት፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ሰው ወደ ጣሪያው ይውጣና አሸንዳውን ያጽዳ፤ የብራና መጻሕፍቱን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጉልኝ። የኮሚቴ አባላት፣ የበዓሉ ቀን ቢደርስባችሁም ኖራ የሚያቦካ ሰው ሳታገኙ ልስን አታስጀምሩ። በዓሉ ይዘግይ። እባካችሁ በዓሉ ይዘግይ።

አንድ ነገር ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ይህች ወረቀት ያን ዕለት ከበሩ ጀርባ የነደፍኋት ናት። ቀጭን ስለሆነች በሁለት ካርቶን መካከል አድርጌ ነው ለዓመታት ያቆየኋት። የጎደለችው የሌባ ጣት እዚህ ጋ ትታያለች። በግርጌዋ የግንበኛው ስም ከነአባቱ በእማማ አንደበት እንደተነገረኝ ተጽፏል፤ የቤተሰቡን ፈቃድ ስላልጠየቅሁ ዛሬ በአደባባይ አልጠራውም፤ ወረቀቱን ስትይዙ ግን ታነቡታላችሁ። ከፊት ወንበር ጀምሮ ትዘዋወር። ጠርዟን ብቻ ያዙልኝ፤ እርሳሱ እንዳይለቅ መሐሏን አትንኩ። መዳፋችሁን ከላይዋ ሳታሳርፉ ልትለኩ ትችላላችሁ። እርስዋ እስክትመለስ ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።